የኢንፊኒቲና የልዩ ሁኔታዎች አያያዝ በተንሳፋፊ ነጥብ ስሌት

ኢንፊኒቲ በተንሳፋፊ ነጥብ ስሌት ውስጥ ኮምፒውተር ሊይዘው ከሚችለው ቁጥር ሁሉ የሚበልጥ ውጤትን ወይም አንድን ቁጥር ለዜሮ የማካፈልን ውጤት የሚወክል ልዩ ዋጋ ነው። ልዩ ሁኔታ የሚባለው ደግሞ አንድ ስሌት መደበኛ መልስ ሲያጣ ወይም መልሱ እንዳለ ሊያዝ ሳይችል ሲቀር የሚፈጠረው ክስተት ነው። ለዜሮ ማካፈል፣ የኔጋቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት መፈለግ እና እጅግ ትላልቅ ቁጥሮችን ማባዛት የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው።

የዛሬ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው የሚከተሉት አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት 1.0 ÷ 0.0 ስሌቱን አያቋርጥም፤ ኢንፊኒቲ ይሰጥና ሥራው ይቀጥላል። የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ግን ደረጃውን አንድ ዓይነት አድርገው አይጠቀሙበትም። ጃቫና ጃቫስክሪፕት ስሌቱን ሲቀጥሉ ፓይተን ያቆማል፤ አንዳንድ ዳታቤዞች ደግሞ ባዶ መልስ ይሰጣሉ። ሁለቱም አካሄድ የየራሱ አደጋ አለው። ዝም ብሎ የሚቀጥል ስሌት የተበላሸ ቁጥር እስከ መጨረሻው ሪፖርት ድረስ ሊያደርስ ይችላል፤ በድንገት የሚቆም ስሌት ደግሞ የሚሠራውን ማሽን አብሮ ሊያስቆም ይችላል።

## የቁጥሩ አቀማመጥ

ኮምፒውተር 0.000012ንም ሆነ 12,000,000ን በእኩል ቦታ ለመያዝ ቁጥሩን በሦስት ክፍል ያስቀምጠዋል። እነዚህም ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት፣ የቁጥሩ አሃዞች፣ እና ነጥቡ የት እንደሚውል የሚወስነው ኤክስፖነንት ናቸው። ነጥቡ እንደ ኤክስፖነንቱ ወዲያና ወዲህ ስለሚሄድ አሠራሩ ተንሳፋፊ ነጥብ ተብሏል።

በብዙ ቋንቋዎች «ደብል» የሚባለው ዓይነት 64 ቢት አለው። ከእነዚህ ውስጥ 1 ቢት ለምልክቱ፣ 11 ቢት ለኤክስፖነንቱ፣ 52 ቢት ለአሃዞቹ ተመድቧል። የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 1.8 × 10³⁰⁸ ገደማ ነው። «ፍሎት» ወይም «ሲንግል» የሚባለው ባለ 32 ቢት ዓይነት ደግሞ 8 ቢት ለኤክስፖነንት፣ 23 ቢት ለአሃዞች ይሰጣል፤ ጣሪያውም 3.4 × 10³⁸ ገደማ ነው።

የኤክስፖነንቱ ቢቶች ሁሉም 1 ሲሆኑ የሚገኘው ቅንብር ለተራ ቁጥር አያገለግልም፤ ለልዩ ዋጋዎች ተለይቶ ተቀምጧል። በዚህ ቅንብር ውስጥ የአሃዝ ቢቶቹ ሁሉም 0 ከሆኑ ዋጋው ኢንፊኒቲ ነው፤ ከአሃዝ ቢቶቹ አንዱ እንኳ 1 ከሆነ ዋጋው ናን ይባላል፤ ትርጉሙም «ቁጥር ያልሆነ» ማለት ነው። የምልክቱ ቢት ፖዘቲቭ ኢንፊኒቲን ከኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ ይለያል። ስለዚህ ኢንፊኒቲ ለኮምፒውተሩ ማለቂያ የሌለው ነገር አይደለም፤ እንደማንኛውም ቁጥር 64 ቢት የሚይዝ፣ ሊቀመጥ፣ ሊነጻጸርና ሊደመር የሚችል አንድ ዋጋ ነው።

## ታሪክ

ጀርመናዊው መሐንዲስ ኮንራድ ዙሰ እ.ኤ.አ. በ1941 በርሊን ውስጥ ያጠናቀቀው ዜድ 3 የተባለው ማሽን በሁለት ቤት ተንሳፋፊ ነጥብ ያሰላ ነበር፤ ኢንፊኒቲንም በልዩ ኮድ ይለይ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት አሥርት ዓመታት ግን እያንዳንዱ አምራች የራሱን ዘዴ ይከተል ጀመር። የአይቢኤም ሲስተም 360 ቁጥሮችን በ16 ቤት ይይዝ ነበር፤ የዴክ ኩባንያ ቫክስ ኮምፒውተሮች ደግሞ ኢንፊኒቲ የሚባል ዋጋ አልነበራቸውም። በአንዱ ማሽን በትክክል የሠራ ፕሮግራም በሌላው ላይ ሊቋረጥ ወይም የተለየ መልስ ሊሰጥ ይችል ነበር።

ይህን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የደረጃ ዝግጅት ሥራ ተጀመረ። ከዋነኞቹ ነዳፊዎች አንዱ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ሊቅ ዊልያም ካሃን ነበሩ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው 8087 የተባለው የስሌት ቺፕ ገና በዝግጅት ላይ በነበረው ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ነበር። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1985 ጸደቀ፤ በ2008 እና በ2019 ተሻሽሏል። ካሃን እ.ኤ.አ. በ1989 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀብለዋል።

## አምስቱ ልዩ ሁኔታዎች

ደረጃው አምስት ልዩ ሁኔታዎችን ይለያል። ለእያንዳንዳቸውም ስሌቱ ሳይቋረጥ የሚሰጥ መልስ ተወስኗል።

1. ትርጉም የለሽ ስሌት። 0.0 ÷ 0.0፣ ኢንፊኒቲ − ኢንፊኒቲ፣ 0 × ኢንፊኒቲ፣ ኢንፊኒቲ ÷ ኢንፊኒቲ እና የኔጋቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት እዚህ ይመደባሉ። መልሱ ናን ነው።
2. ለዜሮ ማካፈል። ዜሮ ያልሆነ ውስን ቁጥር ለዜሮ ሲካፈል መልሱ ኢንፊኒቲ ነው፤ ምልክቱ ከተካፋዩና ከአካፋዩ ምልክት ይወሰናል። የዜሮ ሎጋሪዝምም ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ ስለሚሰጥ በዚሁ ሥር ይወድቃል።
3. ኦቨርፍሎው። ውጤቱ ዓይነቱ ከሚይዘው ትልቁ ቁጥር ሲያልፍ የሚፈጠር ነው። በተለመደው የማጠጋጋት ዘዴ መልሱ ኢንፊኒቲ ይሆናል።
4. አንደርፍሎው። ውጤቱ ዜሮ ሳይሆን ለዜሮ እጅግ ሲቀርብ የሚፈጠር ነው። መልሱ እጅግ ትንሽ ወደሆነ ቁጥር ወይም ወደ ዜሮ ይጠጋጋል።
5. መጠጋጋት። ትክክለኛው ውጤት በተመደቡት ቢቶች ሳይገባ ሲቀር የሚፈጠር ነው። 1.0 ÷ 3.0 ምሳሌ ነው። ከአምስቱ ሁሉ ይህ በብዛት የሚያጋጥም ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይከታተለውም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ሊስተዋል ይገባል። ሁለቱም ኢንፊኒቲ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን በኦቨርፍሎው ጊዜ እውነተኛው መልስ ውስን ቁጥር ነው፤ ቦታ ስላጣ ብቻ በኢንፊኒቲ ተተክቷል። ለምሳሌ ሁለት ጎኖቹ እያንዳንዳቸው 10²⁰⁰ የሆኑ ቀጤ ነክ ጎን ሦስት ማዕዘን ረጅሙ ጎኑ 1.4 × 10²⁰⁰ ገደማ ነው፤ ይህም በደብል በቀላሉ ይያዛል። ይሁንና ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ጎኖቹን በራሳቸው ካባዛ 10⁴⁰⁰ ላይ ይደርሳል፤ ይህ ከጣሪያው በላይ ስለሆነ መልሱ ኢንፊኒቲ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ቋንቋዎች ያላቸው «ሃይፖት» የተባለው ፈንክሽን የተዘጋጀው ይህን ችግር ለማስቀረት ነው።

እያንዳንዱ ልዩ ሁኔታ ሲፈጠር ፕሮሰሰሩ ባንዲራ የሚባል አንድ ቢት ያነሳል። ባንዲራው ፕሮግራሙ ራሱ እስኪያወርደው ድረስ ተነስቶ ይቆያል። በዚህም ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስሌቶችን ካካሄዱ በኋላ አንድ ጊዜ ባንዲራዎቹን ብቻ በመመልከት በመካከል ችግር እንደነበረ ማወቅ ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል መምታታት አለ። በደረጃው ቋንቋ ልዩ ሁኔታ ማለት ክስተቱ ራሱ ነው፤ ስሌቱንም አያቋርጥም። በጃቫ ወይም በፓይተን ኤክሴፕሽን የሚባለው ግን የፕሮግራሙን ጉዞ አቋርጦ ወደ ሌላ የኮድ ክፍል የሚወስድ ነገር ነው። ሁለቱ በእንግሊዝኛ አንድ ስም ስላላቸው ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

## የኢንፊኒቲ የስሌት ሕጎች

- ኢንፊኒቲ + ማንኛውም ውስን ቁጥር = ኢንፊኒቲ
- ኢንፊኒቲ × ፖዘቲቭ ቁጥር = ኢንፊኒቲ
- ኢንፊኒቲ × ኔጋቲቭ ቁጥር = ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ
- ማንኛውም ውስን ቁጥር ÷ ኢንፊኒቲ = ዜሮ
- ኢንፊኒቲ = ኢንፊኒቲ እውነት ነው
- ኢንፊኒቲ − ኢንፊኒቲ = ናን

እነዚህ ሕጎች አንዳንድ ቀመሮች ያለ ተጨማሪ ጥንቃቄ ትክክለኛ መልስ እንዲሰጡ ያደርጋሉ። ትይዩ ሆነው የተያያዙ ሁለት የኤሌክትሪክ ተቃውሞዎች ድምር የሚሰላው 1 ÷ (1 ÷ ሀ + 1 ÷ ለ) በሚለው ቀመር ነው። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ቢሆን 1 ÷ 0 ኢንፊኒቲ ይሰጣል፣ ኢንፊኒቲ ሲደመርበትም ኢንፊኒቲ ሆኖ ይቀራል፣ 1 ÷ ኢንፊኒቲ ደግሞ ዜሮ ይሆናል። መልሱ ልክ ነው፤ አንዱ መንገድ ተቃውሞ ከሌለው ጠቅላላውም ተቃውሞ የለውም።

ኢንፊኒቲ እንደ መነሻ ዋጋም ያገለግላል። ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ፣ ወራቤና ሆሳዕና አጭሩን መንገድ የሚፈልግ ፕሮግራም በዳይክስትራ ዘዴ ቢሠራ፣ ሲጀምር የወልቂጤን ርቀት ዜሮ፣ የሌሎቹን ከተሞች ሁሉ ኢንፊኒቲ ያደርጋል። መንገድ በተገኘ ቁጥር ርቀቱ በአጭሩ ይተካል። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ርቀቱ አሁንም ኢንፊኒቲ የሆነ ከተማ ካለ፣ በተሰጠው ካርታ ላይ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ የለም ማለት ነው። ሆኖም መንገድ ያልተገኘላቸው የሁለት ከተሞች ርቀት ልዩነት ቢጠየቅ ኢንፊኒቲ − ኢንፊኒቲ ስለሚሆን መልሱ ናን ነው።

## ናን

ናን ከማንኛውም ነገር ጋር ሲሰላ በአብዛኛው ናን ይሆናል። ከሁሉም የተለየው ባሕርይው ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አለመሆኑ ነው። «ናን = ናን» የሚለው ንጽጽር ሐሰት ነው፤ «ናን > 5» እና «ናን < 5»ም ሁለቱም ሐሰት ናቸው። በመሆኑም አንድ ዋጋ ናን መሆኑን በእኩልነት ምልክት መመርመር አይቻልም፤ ቋንቋው ለዚሁ ያዘጋጀውን ፈንክሽን መጠቀም ያስፈልጋል።

ይህ ባሕርይ ቁጥሮችን በቅደም ተከተል መደርደርን ያናጋል። የመደርደሪያ ዘዴዎች ከሁለት ቁጥሮች አንዱ ያንሳል፣ ይበልጣል ወይም እኩል ነው ብለው ስለሚነሱ ናን በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ጤነኞቹ ቁጥሮችም ሳይደረደሩ ሊቀሩ ይችላሉ። ጃቫ በመደርደሪያው ውስጥ ናንን ከኢንፊኒቲም በላይ ያስቀምጠዋል፤ ፖስትግሬስኪውኤልም ናንን ከሌሎች ቁጥሮች ሁሉ ይበልጣል ብሎ ይደረድረዋል። ረስት ደግሞ የተንሳፋፊ ነጥብ ዝርዝርን በተለመደው የመደርደሪያ ትእዛዝ ለመደርደር አይፈቅድም፤ ፕሮግራመሩ የናንን ቦታ አስቀድሞ እንዲወስን ያስገድደዋል።

## ሁለቱ ዜሮዎች

የግዕዝ አኃዝ ከ፩ ይጀምራል፤ ለዜሮ ምልክት የለውም። ተንሳፋፊ ነጥብ በአንጻሩ ሁለት ዜሮዎች አሉት፦ ፖዘቲቭ ዜሮና ኔጋቲቭ ዜሮ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ እኩል ናቸው፤ ሲያካፍሉ ግን ይለያያሉ። 1.0 ÷ 0.0 ፖዘቲቭ ኢንፊኒቲ ሲሰጥ 1.0 ÷ −0.0 ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ ይሰጣል። ኔጋቲቭ ዜሮ የሚገኘው ለምሳሌ እጅግ ትንሽ የሆነ ኔጋቲቭ ቁጥር በአንደርፍሎው ምክንያት ወደ ዜሮ ሲጠጋጋ ነው። ቁጥሩ ቢጠፋም ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣ ምልክቱ ይቀራል።

## በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ሰው ከአንድ በላይ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማወቁ የተለመደ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የማካፈል ምልክቱ ባይለወጥም ለዜሮ ማካፈል የሚያስከትለው ነገር ይለወጣል።

ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ። በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ የተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር ለዜሮ ሲካፈል ኢንፊኒቲ ወይም ናን ይገኛል። ሙሉ ቁጥርን ለዜሮ ማካፈል ግን በቋንቋው ሕግ ውጤቱ ያልተወሰነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. የ1999 የሲ ደረጃ ባንዲራዎቹን ለማንበብና ለማውረድ የሚያስችሉ ፈንክሽኖችን አስገብቷል።

ጃቫ። በተንሳፋፊ ነጥብ ማካፈል በፍጹም ኤክሴፕሽን አያስነሳም። ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ዜሮ ሲካፈል ግን አሪትሜቲክ ኤክሴፕሽን ይነሳል። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ደብል ከሆነ ሌላውም ወደ ደብል ይለወጣል፤ ስለዚህ 12 ÷ 0 ሲያቆም 12.0 ÷ 0 ኢንፊኒቲ ይሰጣል።

ጃቫስክሪፕት። ተራ ቁጥሮቹ ሁሉ ደብል ስለሆኑ 1 ÷ 0 ኢንፊኒቲ ነው። ቢግኢንት በተባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት ግን ለዜሮ ማካፈል ስህተት ያስነሳል።

ፓይተን። 1.0 ÷ 0.0 ዜሮዲቪዥንኤረር የተባለውን ኤክሴፕሽን ያስነሳል። ኦቨርፍሎው ላይ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። 10³⁰⁸ን በደብል ይዞ በ10 ማባዛት ዝም ብሎ ኢንፊኒቲ ይሰጣል፤ 10.0ን ወደ 400ኛ ርቢ ማሳደግ ደግሞ ኦቨርፍሎውኤረር ያስነሳል። ለሳይንሳዊ ስሌት የሚያገለግለው ናምፓይ የተባለው ላይብረሪ በበኩሉ ማስጠንቀቂያ ብቻ ጽፎ በኢንፊኒቲ ወይም በናን ይቀጥላል።

አር። 1 ÷ 0 ኢንፊኒቲ፣ 0 ÷ 0 ናን ይሰጣል። ያልተሰበሰበ መረጃን የሚወክል ከናን የተለየ ምልክትም አለው።

ጎ። ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ተንሳፋፊ ቁጥር ለዜሮ ሲካፈል በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ ኢንፊኒቲ ይገኛል። በኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ ቋሚ ቁጥር ለዜሮ ከተካፈለ ግን ኮምፓይለሩ ገና ከጅምሩ አይቀበለውም።

ዳታቤዝና የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች። ፖስትግሬስኪውኤል ለዜሮ ማካፈልን በተንሳፋፊ ነጥብም ቢሆን እንደ ስህተት ይቆጥራል፤ ኢንፊኒቲን ግን እንደ ዋጋ አስቀምጦ ሊይዝ ይችላል። ኤስኪውላይት ባዶ ዋጋ ይመልሳል። ኤክሴል በሴሉ ውስጥ የስህተት ጽሑፍ ያሳያል፤ ኢንፊኒቲ የሚባል ዋጋ አይዝም።

## ወደ ሙሉ ቁጥር መለወጥ

ኢንፊኒቲና ናን የሚኖሩት በተንሳፋፊ ነጥብ ዓለም ብቻ ነው። በሙሉ ቁጥር ዓይነቶች ውስጥ የሚወክላቸው ቅንብር የለም። ስለዚህ ወደ ሙሉ ቁጥር የሚደረገው ለውጥ ከአደገኞቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ጃቫ ኢንፊኒቲን ወደ ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲለውጥ 2,147,483,647 ያደርገዋል፤ ናንን ደግሞ 0 ያደርገዋል። ረስትም ከ1.45 እትም ጀምሮ ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ፓይተን ኤክሴፕሽን ያስነሳል። በሲ ግን ውጤቱ በቋንቋው ሕግ አልተወሰነም።

በዚህ ቦታ የደረሰው ታዋቂው ጥፋት የአሪያን 5 ሮኬት የመጀመሪያ በረራ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 ሮኬቱ ከተነሳ 40 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላው ከመንገዱ ወጥቶ ተበታተነ። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያው ፕሮግራም በአዳ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን አንድን ባለ 64 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ይለውጥ ነበር። ይህ ዓይነት ከ32,767 በላይ አይዝም። ከቀድሞው አሪያን 4 የተወሰደው ይህ ኮድ በአዲሱ ሮኬት ፍጥነት ምክንያት ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ገጠመው፤ ኤክሴፕሽን ተነሳ፤ የሚቀበለው ኮድ ስላልነበረ መሣሪያው ራሱን አጠፋ። መጠባበቂያው መሣሪያም አንድ ዓይነት ፕሮግራም ስለነበረው በተመሳሳይ ምክንያት ቀድሞ ጠፍቶ ነበር። ያ ስሌት ሮኬቱ ከተነሳ በኋላ የሚያስፈልግ እንኳ አልነበረም።

ተቃራኒው አደጋ እ.ኤ.አ. በ2020 በሮቦሬስ የአሽከርካሪ አልባ መኪኖች ውድድር ላይ ታየ። አንዲት ተወዳዳሪ መኪና ገና ስትነሳ ወደ ጎን ታጥፋ ግድግዳ መታች። በተሰጠው ማብራሪያ መሠረት የመሪው ትእዛዝ ወደ ናን ተለውጦ መሪው ወደ አንድ ጎን እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ነበር። በአሪያን 5 ፕሮግራሙ ስለቆመ ጥፋት ደረሰ፤ እዚህ ደግሞ ሳይቆም የተበላሸ ዋጋ ወደ ማሽኑ ስላለፈ ጥፋት ደረሰ።

## በጤና መረጃ ስሌት

ቡታጅራ በጤና ምርምር የታወቀች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1986 በቡታጅራና በአካባቢዋ የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀመረ። በተመረጡ ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚኖሩ ሰዎች ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በተከታታይ ይመዘገብ ነበር። ከእንዲህ ዓይነት መዝገብ የሚወጣው ዋና መለኪያ የሞት መጠን ነው፤ እሱም የሟቾች ቁጥር ነዋሪዎቹ በክትትል ሥር ለቆዩበት ዘመን ድምር፣ ማለትም ለሰው-ዓመት፣ ተካፍሎ በ1000 ሲባዛ የሚገኝ ነው።

መረጃው በቀበሌ፣ በፆታ፣ በዕድሜና በዓመት ሲከፋፈል አንዳንድ ክፍሎች ማንም ሰው ሳይኖራቸው ሊቀሩ ይችላሉ። ለማስረዳት ያህል አራት ክፍሎች እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌነት የቀረቡ ናቸው።

- ክፍል ሀ፦ 6 ሟቾች፣ 500 ሰው-ዓመት፤ መጠኑ 12
- ክፍል ለ፦ 3 ሟቾች፣ 300 ሰው-ዓመት፤ መጠኑ 10
- ክፍል ሐ፦ 1 ሟች፣ 200 ሰው-ዓመት፤ መጠኑ 5
- ክፍል መ፦ 0 ሟች፣ 0 ሰው-ዓመት፤ መጠኑ ናን

የአራቱ መጠኖች አማካይ ቢጠየቅ መልሱ ናን ይሆናል። ናንን ለማስወገድ ብሎ በ0 መተካት የተለመደ ስህተት ነው፤ አማካዩ ወደ 6.75 ይወርዳል። ማንም ያልታየበት ክፍል ማንም ያልሞተበት ክፍል ተደርጎ ስለተቆጠረ ሞት ካለው ያነሰ መስሎ ይታያል። ክፍል መን አውጥቶ የሦስቱን አማካይ መውሰድ 9 ይሰጣል፤ ይህም ትንሹንና ትልቁን ክፍል እኩል ስለሚያይ ትክክለኛው አይደለም። ሟቾቹንም ሰው-ዓመቱንም መጀመሪያ ደምሮ አንድ ጊዜ ማካፈል፣ ማለትም 10 ÷ 1000፣ የአካባቢውን መጠን ከሺህ 10 ያደርገዋል። በዚህ መንገድ ባዶው ክፍል ምንም ሳያዛባ ያልፋል።

በክፍል መ ውስጥ 1 ሟች ከ0 ሰው-ዓመት ጋር ተመዝግቦ ቢሆን መልሱ ናን ሳይሆን ኢንፊኒቲ ይሆን ነበር። ልዩነቱ ትርጉም አለው። ናን ክፍሉ ባዶ መሆኑን ሲያሳይ፣ ኢንፊኒቲ ደግሞ በነዋሪነት ሳይመዘገብ በሟችነት የተመዘገበ ሰው እንዳለ፣ ማለትም መዝገቡ መመርመር እንዳለበት ይጠቁማል። ሁለቱንም በአንድነት የሚሰርዝ ፕሮግራም ይህን ፍንጭ አብሮ ይሰርዘዋል።

## በፍጥነት ስሌት

ሌላው የተለመደ ምሳሌ በጂፒኤስ የሚከታተሉት ተሽከርካሪ ፍጥነት ነው። ከወልቂጤ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አውቶቡስ ያለበትን ቦታ በየጊዜው የሚልክ መሣሪያ አለው እንበል። ፍጥነቱ የሚሰላው በሁለት መልእክቶች መካከል ያለው ርቀት ለጊዜው ልዩነት ተካፍሎ ነው። ሰዓቱ በሰከንድ ብቻ ከተመዘገበና ሁለት መልእክቶች በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከደረሱ የጊዜው ልዩነት ዜሮ ይሆናል። አውቶቡሱ 12 ሜትር ተንቀሳቅሶ ከሆነ 12.0 ÷ 0 ኢንፊኒቲ ይሰጣል፤ ቆሞ ከሆነ 0.0 ÷ 0 ናን ይሰጣል።

ፕሮግራሙ «ፍጥነቱ ከ80 በላይ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ለኢንፊኒቲ መልሱ አዎ ነው፤ ሾፌሩ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ለናን መልሱ አይደለም ነው፤ ንባቡም እንደ ጤነኛ ያልፋል። ጥያቄው ተገልብጦ «ፍጥነቱ ከ80 አይበልጥም?» ቢባል ደግሞ ናን እንደገና ሐሰት ስለሚሆን የቆመው አውቶቡስ ጥፋተኛ ይሆናል። ስለዚህ የጊዜው ልዩነት ዜሮ መሆኑ ከማካፈሉ በፊት ሊጣራ፣ ንባቡም «ፍጥነት አልተለካም» ተብሎ ሊመዘገብ ይገባል።

## በፋይልና በመረጃ ልውውጥ

ጄሰን የተባለው የመረጃ መለዋወጫ ቅርጽ ኢንፊኒቲንም ናንንም አይቀበልም። ጃቫስክሪፕት ወደ ጄሰን ሲጽፍ ሁለቱንም በባዶ ዋጋ ይተካቸዋል። የፓይተን መደበኛ ላይብረሪ ደግሞ ካልተከለከለ በስማቸው ይጽፋቸዋል፤ ፋይሉን የሚያነበው ሌላ ቋንቋም ሙሉ ፋይሉን ሊጥለው ይችላል። በመሆኑም በአንድ ክፍል የተፈጠረ አንድ ናን የሌሎቹን ሁሉ መረጃ ሊያስቀር ይችላል።

## የአያያዝ መንገዶች

- ከማካፈል በፊት መወሰን። አካፋዩ ዜሮ ሊሆን የሚችል ከሆነ ዜሮ መሆኑ በሥራው ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ቴክኒካዊ ብቻ የሆነ አንድ ወጥ መልስ የለም።
- በመውጫው በር ላይ መፈተሽ። ስሌቱ መሐል በየመስመሩ ከመፈተሽ ይልቅ ቁጥሩ ወደ ፋይል፣ ወደ ዳታቤዝ፣ ወደ ስክሪን ወይም ወደ ማሽን ከመውጣቱ በፊት ውስን መሆኑን መፈተሽ ይመረጣል። ይህን የሚያደርግ ፈንክሽን በአብዛኞቹ ቋንቋዎች አለ፤ ኢንፊኒቲንም ናንንም በአንድ ጊዜ ይለያል።
- ቀመሩን መለወጥ። ኦቨርፍሎው የሚመጣው ከመካከለኛ ውጤት ከሆነ ቀመሩን በሌላ መልክ መጻፍ ይረዳል። ብዙ ትላልቅ ቁጥሮችን ከማባዛት ሎጋሪዝማቸውን መደመር አንዱ መንገድ ነው።
- በመቀነስ አለመደርደር። ሁለት ቁጥሮችን ለማነጻጸር አንዱን ከሌላው መቀነስ ሁለቱም ኢንፊኒቲ ሲሆኑ ናን ይሰጣል።
- የኮምፓይለሩን አማራጭ ማወቅ። በጂሲሲና በመሰል ኮምፓይለሮች «ፋስት ማዝ» የተባለው የማፍጠኛ አማራጭ ኢንፊኒቲና ናን ፈጽሞ አይኖሩም ብሎ ይነሳል። በዚህ ምክንያት ፕሮግራመሩ ያስገባቸውን ፍተሻዎች አላስፈላጊ ናቸው ብሎ ሊያስወግዳቸው ይችላል።
- በልዩ ዋጋዎች መፈተን። አንድ ፈንክሽን ሲሞከር ከተራ ቁጥሮች በተጨማሪ 0.0፣ −0.0፣ የዓይነቱ ትልቁ ቁጥር፣ ሁለቱ ኢንፊኒቲዎችና ናን ቢሰጡት ቋንቋው የትኛውን መንገድ እንደሚከተል ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ይታወቃል።